ቀየትን ከጀርመን ያስመለሱት ሰው

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ አንዲት ልጅ በጀርባዬ ያዘልኩ፣ ሥራ ፈላጊ ሴት ነበርኩ። ጋሽ ወንድይፍራው ገበያ መሐል አስቁመው «ቁልፍ መያዝ ትችያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቁልፍ መያዝማ ምን ይከብዳል» አልኳቸው።

«ይከብዳል። የሚቀለው ይዞ ለማያውቅ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ ቁልፉን በልጃቸው በየሺ እጅ ላኩልኝ። ተቀጠርሽም አላሉኝ፣ ግቢም አላሉኝ። ቁልፉ ራሱ መልስ ነበር።

ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ለቀብራቸው ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ ትንሿ ከተማችን ቀየት ድረስ ሄጃለሁ፤ አልቅሼ ግን አልወጣልኝም። የእሳቸውን ነገር ለሰው ሳወራ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሰው ሲሄድ ድካም ድካም ይለኛል። አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው የተነሣሁት።

ቁልፉ የመረጃ ማዕከል የሚባለው ቤት ቁልፍ ነበር። በየስብሰባው ልማት፣ ልማት በሚባልበት በዚያ ዘመን አንድ የውጭ ግብረ ሰናይ ድርጅት ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጎን አንዲት ቆርቆሮ ክፍል ሠራ። ሦስት ኮምፒዩተር አስቀመጠ፤ ጣሪያው ላይ ትልቅ ነጭ ዲሽ ሰቀለና ሄደ። ኢንተርኔቱን ከሰማይ የሚያወርደው ዲሹ ነው ተባልን። የቀየት ሰው ገበያ በመጣ ቁጥር እየቆመ ያየው ነበር። አባ ዘውዴ የሚባሉ፣ ነገር የማያልቅባቸው ሽማግሌ «ይሄን የሚያህል ሰፌድ የሰፋችው የማን ሚስት ናት?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው ደብረ ብርሃን ሦስት ሳምንት ሠልጥነው የማዕከሉ ኃላፊ ሆኑ። እኔ ጠራጊና ቁልፍ ያዥ ሆንኩ። ቀስ በቀስ ደግሞ ጸሐፊ። ፊደል መምታት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው በአንድ ጣት ስለሚመቱ እኔም እስከ ዛሬ የምመታው በአንድ ጣት ነው። ይሄንንም ጽሑፍ እንዲሁ።

ረጅም፣ ከሲታ፣ ካፖርታቸውን በበጋም በክረምትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሲሄዱ እርምጃ ይቆጥራሉ። መንገድ ላይ «እንዴት አደሩ» ያላቸው ሰው ከአፋቸው መልስ አያገኝም፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው እጃቸውን ብቻ ብድግ ያደርጋሉ። የማያውቃቸው ሰው ኩሩ ናቸው ይል ነበር። ከቤታቸው እስከ ማዕከሉ ሰባት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ጭቃ ሲሆን ሰባት መቶ ሰባ ይሆናል፤ ያን ቀን ሲደርሱ ገና ከበሩ «ዛሬ ቀየት ሰፍታለች» ይሉኛል።

ይህ ልማድ ከመሬት ሽግሽጉ ጊዜ የተረፋቸው ነው። መሬት ተለክቶ ሲከፋፈል ገመድ ያዥ ነበሩ። «መሬት ዋሽታ አታውቅም፤ የሚዋሽ ገመድ ያዡ ነው» የምትለው አነጋገራቸው ከአፋቸው አትጠፋም ነበር። እኔ ተረት መስላኝ ነበር የምሰማት። አንድ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ሰው በሌለበት፣ ከየት እንደመጣች ነገሩኝ።

የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ እየለኩ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለና «እዚህች ጋ ትንሽ አላላው» አላቸው። አዋሳኙ የሰብሳቢው አማች ነው። ገመዱን አላሉት። የሴትዮዋ ማሳ በአራት ትልም አጠረ። በዓመቱ በዐቢይ ጾም ንስሐ ሊገቡ ሲሄዱ የነፍስ አባታቸው «ለእኔ ከመንገርህ በፊት ሄደህ ለእሷ ንገር» ብለው መለሷቸው። ሄደው ነገሯት።

«ምን አለችዎ?» አልኳቸው።

«‹አውቃለሁ፣ እዚያው ቆሜ አልነበር እንዴ› አለችኝ።»

ከዚያ ወረዳ ድረስ ሄደው በራሳቸው ላይ መሰከሩ። «የተዘጋ ጉዳይ ነው» ተብለው ተመለሱ። አራቱ ትልም እንደተወሰደ ቀረ። «ከዚያ ወዲህ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ጣቴን ወረቀት ላይ አላሳርፍም፤ ከቤቴም ማንም አያሳርፍም ብዬ ማልኩ» አሉኝ። ዝናቡ ሲያባራ ተነሥተው ዲሹ ላይ የተጣበቀውን በረዶ ለማራገፍ መሰላል አቆሙ። እንዲህ ያለውን ነገር ተናግረው ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚሠሩት አንድ ሥራ ይፈልጋሉ።

ኢንተርኔቱ ሥራ በጀመረ በወሩ ገደማ የምንከፍተው ገጽ ሁሉ የማናውቀው ቋንቋ እየሆነ መጣ። ዳር ዳሩ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፤ በበረዶ መንገድ የማያንሸራትት የመኪና ጎማ፣ የእሳት ማሞቂያ፣ የውሻ ምግብ። የእንግሊዝኛ አስተማሪው መምህር ያሬድ ጠጋ ብሎ አየና «ጀርመንኛ ነው» አለ። ከዕለታት አንድ ቀን ደግሞ ፀጉሯ ገለባ የመሰለ አንዲት ሴት ፎቶ ብቅ አለ። ከፊቱ የተቀመጡት አባ ዘውዴ ነበሩ፤ ወንድማቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸውን መልእክት ሊያስነብቡ መጥተው ነው።

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት? ምን ትላለች?»

መምህር ያሬድ ሳቁን ውጦ «ብቻዬን ነኝ፣ እዚሁ ከተማዎ ውስጥ አቅራቢያዎ ነኝ፣ እንተዋወቅ ነው የምትለው» አላቸው።

«ከቀየት ናት? ከቀየት ከሆነች አባቷን አላጣውም።»

«ዘውዴ፣ አንተ የማታጣው እናቷን ነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ከወዲያ ማዶ፣ ቀና ሳይሉ።

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ነገሩን በሳቅ አልተዉትም። መምህር ያሬድን ይዘው «ለምንድነው ማሽኑ ጀርመን ያለን የሚመስለው?» ብለው ጠየቁት። እሱም እንዲህ ብሎ አስረዳቸው። ኢንተርኔት የገባበት ቤት ሁሉ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የትኛው አገር፣ የትኛው ከተማ እንዳለ እየገመቱ በመዝገብ የሚይዙ ኩባንያዎች ደግሞ ውጭ አገር አሉ። ሌላው ሁሉ መዝገቡን ከእነሱ ይገዛና ሰውየው ያለበትን በዚያ ያውቃል። የእኛ ዲሽ ባለቤት ጀርመን ያለ ድርጅት ስለሆነ ቁጥሩም ጀርመን ተብሎ ተመዝግቧል።

«መጥተው አይተዋል?»

«አይመጡም ጋሼ።»

«ጎረቤት ጠይቀዋል?»

«ማንን ይጠይቃሉ? ከሩቅ ሆነው ነው የሚገምቱት።»

«ገመድ ሳይጥሉ፣ ሳያዩ፣ ሳይጠይቁ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፤ ከዚያ ይሸጡታል» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሳቸው የሚነግሩ ይመስሉ ነበር። ያን ቀን ሲወጡ ፊታቸው ልክ ሰው እንደሰደባቸው ሆኖ ነበር።

ይሁንና ነገሩ በየሺ ባይመጣ ኖሮ ስቀንበት ይቀር ነበር።

የሺ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥቧ ለዩኒቨርሲቲ በጥቂት ጎደለባት። መሆን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዋላጅ። አክስቷ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ መንገድ ላይ ቀርታለች። የሺ ውሃ ይዛ ከቃሬዛው ኋላ ትከተል ነበር፣ ልጅ ሆና። ስለዚያ ቀን ብዙ አታወራም። አንድ ጊዜ ብቻ «ተሸካሚዎቹ ቀስ ማለት ሲጀምሩ ነው ያወቅኩት» ብላኛለች።

ከዚያ አንድ የውጭ ትምህርት ቤት በገጠር የሚኖሩ ልጃገረዶችን በኢንተርኔት ፈትኖ፣ ያለፉትን አዲስ አበባ አስቀምጦ በነፃ አዋላጅነት ሊያስተምር ነው የሚል ወሬ መጣ። የሺ ማመልከቻዋን ሞላች፣ ተቀበሏት። የቀረው ፈተናው ነው። ፈተናውን በሦስት ሳምንት ውስጥ በፈቀደችው ቀን ገብታ መውሰድ ትችላለች። መጽሐፍ ይዛ ማዕከሉ ትውላለች፤ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታነባለች። የተዘጋጀች ዕለት የፈተናውን ገጽ ከፈተች። ገጹ «አሁን ካሉበት አገር ሆነው ይህን ፈተና መውሰድ አይችሉም» አላት። ያለችበት አገር ጀርመን ነዋ።

መምህር ያሬድ መላውን ወዲያው ነገረን። ደብረ ብርሃን የሚገባው ኢንተርኔት በስልክ መስመር ስለሆነ ኢትዮጵያ ብሎ ያነባል። ማልዳ አውቶቡስ ትሳፈር፣ እዚያ ትፈተን፣ ትመለስ። ቀላል ነው። ሁላችንም ተነፈስን።

ጋሽ ወንድይፍራው ግን «ገጹን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ» አሉት።

አነበበላቸው። ከፈተናው በፊት አንድ ቃል መግቢያ አለ፤ «ይህን ፈተና የምወስደው ከምኖርበት ከተማ ሆኜ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ጎኑ ላይ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሣጥን አለች።

«እሷን ሁሉም ሰው ሳያነብ ነው ምልክት የሚያደርጋት» አለ መምህር ያሬድ።

«አንተ ግን አነበብክልኝ» አሉት።

የሺ ቆማ ነበር። «አባባ፣ ቀየት እኮ ነው የምኖረው። ውሸት የለውም።»

«ቀየት ትኖሪያለሽ። ደብረ ብርሃን ሆነሽ ‹ቀየት ሆኜ ነው የምፈተነው› ልትይ ነው። ሂጂ፣ አልከለክልሽም። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። እጁ ግን የእኔ ልጅ እጅ መሆኑን አትርሺ።»

ቢከለክሏት ይሻል ነበር። ብትከለከል ትሄድ ነበር፤ ያን ጊዜም እንዲህ ነው ያልኩት፣ ዛሬም እንዲሁ ነው የምለው። አልሄደችም።

«የተሳሳተው መዝገቡ ነው። መዝገቡ ይታረማል። ሦስት ሳምንት አለን» አሉ።

የኩባንያውን ገጽ መምህር ያሬድ ፈልጎ አገኘው። «የተሳሳተ ቦታ ካለ ይንገሩን» የሚል ቅጽ አለው፤ ቁጥሩን፣ አገሩን፣ ከተማውን የሚሞሉበት ሦስት ቦታ። «ሦስት ቃል ነው ጋሼ፣ አሁን ልሙላው» አለ።

«ሦስት ቃልማ ማንም ይላል። ያለ ምስክር ቃሌን ለምን ያምኑኛል? እኔስ ብሆን አምናለሁ? ወሰን የሚጸናው በምስክር ነው።»

እንዲህ ነው ያ ጉድ የተጀመረው። ልክ የእርሻ ድንበር እንዳከራከረው ሰው ሽማግሌ ጠሩ። ቄስ ምትኩንና አባ ዘውዴን። የመጀመሪያው ቀን የገበያ ቀን ሆነና አልተመቸም። ቀጥሎ የማርያም ዕለት ሆነ። ከዚያ ቄሱ ልቅሶ ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ሲመጡ ደግሞ «ሳንዞርማ አንመሰክርም» አሉ። ወግ ነው፤ የወሰን ምስክር መሬቱን በእግሩ ሳይዞር አይፈርምም። ኮምፒዩተር ያለበትን ክፍል ሽማግሌዎቹ ዞሩት። ጋሽ ወንድይፍራው ከኋላ እርምጃ እየቆጠሩ፣ እኔ ደብተር ይዤ እየጻፍኩ፣ የግብርና ሠራተኞቹ በመስኮት እየሳቁብን።

«በምሥራቅ ግብርና ጽሕፈት ቤት» አሉ ቄስ ምትኩ። «በሰሜን ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ። በደቡብ የማርያም አጸድ።»

«በምዕራብ የእኔ ማሳ» አሉ አባ ዘውዴ ፈጠን ብለው።

«ማሳው የወንድምህ ልጅ ነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«እያረስኩት እኮ ነው።»

«በእኩል ነው የምታርሰው። ይዞታው የእሱ ነው።»

«ኧረ ወንድይፍራው፣ ጀርመኑ ምን ያውቃል?»

«ጀርመኑ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። በላይነሽ፣ የወንድሙ ልጅ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። አባ ዘውዴ አኩርፈው ሊሄዱ ሲሉ ቄሱ ክንዳቸውን ይዘው መለሷቸው። የጻፍነው ወረቀት ቅጂ እስከ ቅርብ ጊዜ ነበረኝ። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የአገር ሽማግሌዎች ቤቱን በእግራችን ዞረን አይተናል» ብሎ ይጀምራል። አራቱን አዋሳኝ ከዘረዘረ በኋላ «ጀርመን በየትኛውም በኩል አያዋስነውም» ይላል። ይቺን ያስጨመሩት ቄስ ምትኩ ናቸው። አባ ዘውዴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ፣ ቄሱ ፈረሙ። ማኅተሙ ይቀራል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ስብሰባ ሄዷል። እሱን ስንጠብቅ ሦስት ቀን ሄደ።

የሺ በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ቀን አላጉረመረመችም። ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ራሷ ናት። «አጸድ»ን በእንግሊዝኛ አጥታ ከመምህር ያሬድ ጋር ግማሽ ቀን ተከራከረች። ሲላክ ግን ከፈተናው ጊዜ የቀረው አሥር ቀን ነበር፤ በጣቷ ስትቆጥር አይቻታለሁ።

በስድስተኛው ቀን መልስ መጣ። ከማሽን አይደለም፣ ከሰው ነው፤ ከአንዲት ሴት። የሺ እያነበበች በአማርኛ ነገረችን። «በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቦታችሁን አርመናል። ለሽማግሌዎቹ ሰላምታዬን አድርሱልኝ» ይላል። ጋሽ ወንድይፍራው ሁለት ጊዜ አስነበቧት። ከዚያ መምህር ያሬድ የኩባንያውን ገጽ ከፈተ፤ ቁጥራችን ጎን ኢትዮጵያ፣ ከሥሩ ቀየት የሚል ተጽፏል። በእንግሊዝኛ ፊደል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ተነሥተው በር ላይ ቆሙና መንገዱን ያዩት ጀመር፤ ከተማዋ ከሆነ ቦታ ተመልሳ የመጣች ያህል። አባ ዘውዴ ኩርፊያቸውን ረስተው መጥተው «ታዲያ ያቺ ፀጉረ ገለባ ልጅ ቀረች በሉኛ» አሉ።

የሺ በዚያው ቅጽበት የፈተናውን ገጽ ከፈተች። «አሁን ካሉበት አገር ሆነው ይህን ፈተና መውሰድ አይችሉም» አላት።

አንዴ ዘግታ ከፈተች። ማሽን ቀየረች። ያው ነው።

መምህር ያሬድ ነገሩ የገባው ቆይቶ ነው። ትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚገዛው ከሌላ ኩባንያ ነው። መዝገቡ አንድ አልነበረም። ብዙ ኩባንያ አለ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ይገምታል፣ በየራሱ ይጽፋል፣ አንዱ ያረመውን ሌላው አያውቅም።

«ስንት ናቸው?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«እንጃ። አምስትም ስድስትም ይሆናሉ። ሊበልጡም ይችላሉ።»

ጋሽ ወንድይፍራው «አንድ መሬት፣ ስድስት መዝገብ» አሉና ተቀመጡ። ሲቀመጡ እንዳረጁ ያየሁት ያኔ ነው።

ለሁለተኛው ኩባንያ በዚያው ቀን ተጻፈ። የመጣው መልስ የማሽን ነው፤ «ጥያቄዎ በአራት ሳምንት ውስጥ ይታያል» ይላል። የቀረን አራት ቀን ነው። እኔ እንግዲህ አላስቻለኝም። የሺን ጓሮ ጠርቼ «ሂጂ ተፈተኚ። የአውቶቡሱን እኔ አለሁ። ለአባትሽም እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። «እሳቸውን አይደለም እኔ የፈራሁት እትዬ በላይነሽ» አለችኝ፤ ምን እንደፈራች ግን አልነገረችኝም። እሳቸውንም ለመንኳቸው። መምህር ያሬድም ለመነ። ቄስ ምትኩ እንኳ «ወንድይፍራው፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል፣ ሣጥን አያይም» አሏቸው። መልሳቸው ለሁላችንም አንድ ነበር፤ «ከልክዬያት አላውቅም።»

የመጨረሻዋ ቀን ዓርብ ነበረች። ፈተናው የሚዘጋው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሺ ጠዋት ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ልክ ፈተና እንደሚገባ ሰው። ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ገጹን ትከፍታለች፣ ይመልሳታል። ትንሽ ትቆያለች፣ ደግማ ትከፍታለች። ምናልባት ዛሬ አርመውት ከሆነ ብላ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ምሳም አልበሉም። ለጉዳይ የመጣውን ሰው ሁሉ እኔ በር ላይ እየመለስኩ። አሥር ሰዓት ላይ ዘወር ብላ «አባባ፣ እርስዎ ይሂዱ፣ ይረፉ» አለቻቸው። «አለሁ» አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገጹ ተለወጠ። ስለ አገር የሚለው ጠፋና «ፈተናው ተዘግቷል» አለ። የሺ ማሽኑን በሥርዓቱ አጠፋች፤ ጨርቁን አለበሰችው። «ቆልፊ» አሉኝ ጋሽ ወንድይፍራው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን በፊቴ አልፈው ወደ ቤት ሲሄዱ አየኋቸው። ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም። ያን ቀን እርምጃ አልቆጠሩም።

ሁለተኛው ኩባንያ በሦስተኛ ሳምንቱ አረመ። ስነግራት የሺ ገብስ እያበጠረች ነበር። «እውነታቸውን ነው አባባ» አለችኝ። ገለባውን አራገፈችና «ለዚያች ሴትዮ ያጎደሉትን አራት ትልም ከእኔ ላይ ሞሉት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ያወቁት ግን ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ የመሬት ነገር ሲነሣ ያችን አነጋገራቸውን ሲናገሯት ሰምቼ አላውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወዋል። እሳቸው ግን ሦስተኛውን ኩባንያ ፈለጉ። አራተኛውን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራቸው ቀየት በየመዝገቡ የት እንደዋለች ማየት ነበር። አንዱ ጀርመን ይለናል፣ አንዱ ኢጣሊያ ይለናል፣ አንዱ ደግሞ ባሕር ላይ ጥሎን አገኙ፤ «እዚህስ ጎረቤት የለም፣ በማን ልመስክር» አሉ። ደብዳቤው ያው የሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ነው፤ ቀኑን ብቻ እየለወጥኩ እመታዋለሁ። አንዳንዱ ያርማል፣ አንዳንዱ አይመልስም። አንዱ አርሞ ሲያበቃ በዓመቱ መልሶ ጀርመን አደረገን።

አንድ ቀን ሰለቸኝና «ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ካለቀ ቆየ» አልኳቸው።

«ፈተናው አልቋል። የተሳሳተው ግን እንደተሳሳተ ነው» አሉኝ። «የሚቀጥለው ሰው መጥቶ እስኪያለቅስ ልጠብቅ?»

የሚቀጥለው ሰው አልመጣም። በአራተኛው ዓመት የስልክ መስመሩ ቀየት ገባና ዲሹ ወረደ። አዲስ መስመር፣ አዲስ ቁጥር። መምህር ያሬድ ያኔ ተቀይሮ ሄዷል፤ መዝገቦቹን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሁሉም መዝገብ ላይ አዲሱ ቁጥር አዲስ አበባ ይላል። ሁሉም። ያ ሁሉ ደብዳቤ የተጻፈው ከእንግዲህ ለማይሠራ ቁጥር ሆነ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ወረቀት አውጪ እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ነው።

«አገር ውስጥ ከገባን ይበቃል» አሉ። «ደክሞኛል በላይነሽ።»

በሳምንቱ ሥራውን ለቀው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ቀረ፤ እኔም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጄን ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የማገኛቸው ለበዓል ስሄድ ነው። ስለ ኢንተርኔት ጠይቀውኝ አያውቁም።

የሺ ፈተናው ባመለጣት ዓመት መስከረም ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና ገባች። አንድ ዓመት ተምራ ጓሳ ጥግ ያለ ቀበሌ ተመደበች፤ ቤት ለቤት በእግሯ እየዞረች፣ ነፍሰ ጡር እየመዘገበች ስምንት ዓመት ሠራች። ጋሽ ወንድይፍራው ሁለት ጊዜ ሄደው እዚያ አደሩ። ስለ ፈተናው አንዳቸውም አላነሡም፤ ስለ በግና ስለ ውርጭ አወሩ፣ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ከዚያ ኮሌጅ ገባች። በሠላሳ አንድ ዓመቷ አዋላጅ ሆና ዓለም ከተማ ተመደበች።

አባቷ ያረፉ ዕለት ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበረች። ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ደውሎ ነገራት። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ አንዲት ልጅ እግር ሴት ምጥ ይዟት እጇ ላይ ነበረች፤ ሌላ አዋላጅ በዚያ ቀን አልነበረም። ስልኩን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥታ ወደ ውስጥ ገባች። ሕፃኑ የተወለደው በማግስቱ ነው፣ እኛ ቀየት ማርያም አፈር ስንመልስ። እናትየዋ ደም ስለፈሰሳት እስክትረጋጋ ጠበቀች። የሺ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ የደረሰችው በሠልስቱ ነው።